የቤተሰብን የዘወትር ኑሮ ለአንድ ዓመት በፎቶ መመዝገብ፦ ከጣና ዳር የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

አያቴ ባረፈች ጊዜ ለአርባዋ የሚሆን ፎቶ ፈልገን ያገኘነው ከቀበሌ መታወቂያዋ ላይ የነበረውን ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበር። ፎቶ ቤቱ አሳድጎ አተመልን። በትልቁ ወረቀት ላይ የወጣችው ሴት ግን ግንባሯን ቋጥራና ትንፋሿን ይዛ ከነጭ ግድግዳ ፊት የተቀመጠች፣ ለእኛ ለልጅ ልጆቿ እንግዳ የሆነች ሴት ነበረች። ሰፌድ ሲይዙ እንዴት እንደሚሆኑ ሁላችንም በቃላችን የምናውቃቸው እጆቿ በፎቶው ውስጥ የሉም። በዚያን ጊዜ በቤታችን 5 ስልኮች ነበሩ፤ በሁሉም ውስጥ የሠርግ፣ የምርቃትና የጥምቀት ፎቶዎች ሞልተዋል። አያቴ ከእነዚያ በዓላት በአንዱም አልቀረችም፤ ነገር ግን ፎቶ በሚነሳበት ሰዓት ጓዳ ውስጥ እንጀራ ታቀርብ ስለነበር ካሜራው አላገኛትም።

ከዚያ በኋላ የአክስቴን የዘወትር ኑሮ፣ በባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ከሚገኘው ቤቷ እየሄድኩ፣ ለአንድ ዓመት በፎቶ መዘገብኩ። በዚሁ ዓመት በጣና ዳርቻ አንድ ቦታ እየቆምኩ ሐይቁንና እዚያ የሚውሉትን ሰዎች አነሳሁ። ይህን መመሪያ የምጽፈው ከዚያ ሥራ የተማርኩትን ይዤ ነው። የሚያስፈልጉት ነገሮች ተራ ካሜራ ያለው ስልክ፣ አንድ ደብተር፣ ለስላሳ እርሳስና በየወሩ ጥቂት ፎቶዎች ለማሳጠብ የሚበቃ ገንዘብ ናቸው። ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ ያለው ሰው ቢጠቀምበት መልካም ነው፤ የሌለው ግን ካሜራ እስኪገዛ ድረስ ሥራውን አያዘግይ፤ የሚመዘገበው ሰው በዚያ መካከል ያረጃልና።

አንደኛ፦ አንድ ሰውና አንድ ቦታ ምረጡ

ፎቶ ማንሳት የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያላየውን ነገር ፍለጋ ይወጣል። በባሕር ዳር ይህ ፍለጋ ወደ ጢስ ዓባይ፣ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ወይም በጀልባ ወደ ዘጌ ይወስዳል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ በታንኳ ላይ የሚታየውን የሰው ጥላ ሳያነሳ የሚመለስም የለም። እነዚህን ፎቶዎች አልነቅፍም፤ ውበታቸው እውነተኛ ነው። ሆኖም በታንኳው ላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ የሚያውቅ፣ የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከውኃ ወጥቶ መድረቅ እንዳለበትና ዕድሜውም አጭር እንደሆነ የተረዳ ሰው፣ ታንኳው ዳር ወጥቶ በሚሰጣበትና አዲሱ ደንገል በሚታሰርበት ቀን ይመጣል። ይህን ቀን የሚያውቀው ደግሞ ደጋግሞ የተመላለሰ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ የምትመላለሱበትን ሰውና ቦታ መወሰን ነው።

ሰውየው ወይም ሴትየዋ በየሳምንቱ ያለ ምክንያት ልትጠይቋቸው የምትችሉት ሰው ይሁኑ፤ እናት፣ አጎት፣ ጎረቤት፣ ከልጅነት ጀምሮ ጫማችሁን የሚሰፋላችሁ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። በየቀኑ የሚደጋገም ሥራ ያላቸው ቢሆኑ ይመረጣል፤ የሚደጋገም ሥራ ዛሬ ያመለጣችሁን ነገ ይሰጣችኋልና። ከሁሉ በላይ ግን ስለዚያ ሰው አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ ይኑራችሁ፤ ጥያቄውንም በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት። ጥያቄው ትልቅ መሆን የለበትም። የእኔ ጥያቄ አክስቴ ሳሎን ውስጥ ምቹ ወንበር እያለ ዘወትር በበሩ አጠገብ በዱካ ላይ የምትቀመጠው ለምን እንደሆነ ነበር። ጠይቄያት «ልማዴ ነው» ብላ አልፋዋለች። በመጨረሻ መልሱን የነገሩኝ ፎቶዎቹ ናቸው፤ እዚያ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ለቦታውም ምርጫ ተመሳሳይ ምክር አለኝ። በሐይቁ ዳር ልትቆሙበት የምትችሉት አንድ ድንጋይ ወይም አንድ የዋርካ ሥር ምረጡ፤ ስልኩንም ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ከፍታ ያዙት። የጣና ውኃ በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፣ በሰኔ መግቢያ ደግሞ ከሁሉ ዝቅ ይላል። በመስከረም ውኃ የሚመታው ድንጋይ በግንቦት ልብስ ማስጫ ይሆናል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በተለይ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የተንሰራፋውን እምቦጭ የሚያውቅ ሰው፣ ከአንድ ቦታ በየወሩ የተነሣ ፎቶ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አይጠፋውም። ሐይቁ ሲቀየር ዳርቻው ላይ የሚውለው ሰው ኑሮም አብሮ ይቀየራል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ስትመዘግቡ አንዱ ሌላውን ይገልጠዋል።

ሁለተኛ፦ ካሜራውን ከማውጣታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፣ የመጀመሪያውንም ፎቶ እንደ ፍላጎታቸው አንሱ

«ፎቶ ላንሳዎት?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ፎቶው ለምን እንደሚነሳ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ ካልወደዱትም እንደሚጠፋ በግልጽ ንገሯቸው። ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ላይ አላወጣም ካላችሁ ቃላችሁን ጠብቁ፤ ማውጣት ከፈለጋችሁ ለእያንዳንዱ ፎቶ እንደገና ጠይቁ። ሕፃናትን ስታነሱ ፈቃዱ የወላጅ ነው፤ ልጁ ራሱ ካልፈለገ ግን የወላጁ ፈቃድ አይበቃም።

አክስቴን በጠየቅኋት ጊዜ የመለሰችልኝ «በዚህ ባረጀ ቀሚስ? ቆይ ልብሴን ልቀይር» ብላ ነው። ወዲያው ነጠላዋን አጣፍታ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ ሐውልት ቀጥ አለች። በዚህ ጊዜ «እትዬ፣ እንደዚህ አይደለም፣ ዝም ብለሽ ሥራሽን ሥሪ» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው፤ እኔም ፈጽሜው ቅር አሰኝቻታለሁ። የእሷ ዘመን ሰዎች ፎቶ ሲነሱ የሚቆሙበት አኳኋን ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው በቤተ መንግሥት አገልግለዋል። ፎቶ በአገራችን መጀመሪያ የታወቀው እንዲህ የነገሥታትና የመኳንንት ክብር ሆኖ ነው። ወደ ሕዝቡም ሲወርድ በፎቶ ቤት በኩል፣ በተሳለ መጋረጃ ፊት፣ በዓመት ወይም በዕድሜ አንድ ጊዜ የሚደረግ ነገር ሆኖ ቆየ። በዚያ ጊዜ ሰው የሚቆመው ለልጅ ልጅ ለሚቀር ምስል ነበር፤ ስለዚህ በክብር ይቆማል። ይህን ክብር አታፍርሱባቸው። መጀመሪያ እነርሱ በሚፈልጉት ልብስና አቋም ጥሩ ፎቶ አንሱላቸው፣ በዚያው ሳምንት አሳጥባችሁ ስጧቸው። አክስቴ ያንን ፎቶ በፍሬም አድርጋ ከሰቀለች በኋላ በአሮጌው ቀሚሷ ሽንኩርት ስትከትፍ ባነሳት አንድም ቀን አልከለከለችኝም።

ካሜራ የማይወጣባቸውን ጊዜያትም አስቀድማችሁ ወስኑ። ለቅሶ ቤት፣ ሕመምተኛ የተኛበት ክፍልና ጸሎት ላይ ያለ ሰው ቤተሰቡ ራሱ ካልጠየቀ በቀር አይነሱም። በጣና ገዳማት ከአስተዳዳሪው ወይም ከሚያስጎበኛችሁ መነኩሴ ፈቃድ ሳታገኙ አታንሱ፤ እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉት ሴቶች የማይገቡባቸው ስለሆኑ ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ። በኡራ ኪዳነ ምሕረትና በመሳሰሉት አብያተ ክርስቲያናት ጥንታዊ ሥዕሎች ፊት ፍላሽ ፈጽሞ አታብሩ። የጸጥታ ኃይሎች፣ ኬላዎች፣ ድልድዮችና የመንግሥት ተቋማት ባሉበት አካባቢ ደግሞ ስልካችሁን በኪሳችሁ አድርጉ። የምትመዘግቡት የቤተሰብ ኑሮ ስለሆነ ይህ ምንም አያጎድልባችሁም።

ሦስተኛ፦ የባሕር ዳርን ብርሃን እወቁ

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ11 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ትገኛለች። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ የምትወጣውም የምትጠልቀውም ብዙ ሳታጋድል ነው፤ ስለዚህ ወርቃማው የጠዋትና የማታ ብርሃን ከግማሽ ሰዓት እምብዛም አይዘልም። ለፊት ፎቶ የሚመቸው ጊዜ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ነው። ከ4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለው ብርሃን ከአናት ስለሚወርድ ዓይንን ጎድጓዳ፣ ጉንጭን ደረቅ ያስመስላል። በሚያዝያ 12 እና በነሐሴ 17 አካባቢ ፀሐይ በቀትር ልክ በከተማዋ አናት ላይ ትቆማለች፤ የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ይሰበሰባል። በእነዚህ ሰዓታት ፎቶ ማንሳት ግድ ከሆነ ሰውየውን ወደ በረንዳ ወይም ወደ ዛፍ ጥላ አስጠጉት፤ ፊቱንም ብርሃኑ ወደሚመጣበት ወደ ውጭ አዙሩት።

ክረምትን ብዙ ፎቶ አንሺዎች ይሸሹታል። እኔ ግን ከሁሉ ወቅት አስበልጬ የምወደው ነሐሴን ነው። ደመናው ብርሃኑን እንደ ነጠላ ያጣራዋል፤ ፊት ላይ ጥላ አይቆርጥም፤ ሰዎችም ዝናብ ስለሚይዛቸው ቤት ይውላሉ፣ ይጫወታሉ። በሰኔና በሐምሌ ፀሐይ ወደ ሰሜን ምዕራብ አጋድላ ስለምትጠልቅ፣ ደመናው ገለጥ ባለበት ማታ፣ በከተማዋ በኩል ካለው ዳርቻ የሐይቁ ውኃ ሲቀላ ይታያል። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ፈቀቅ ትላለች፤ ስለዚህ ለዚያ ፎቶ የጸናችሁበትን ቦታ መቀየር ሊኖርባችሁ ይችላል።

በሐይቁ ዳር ሰው ስታነሱ የተለመደው ስሕተት ሰውየውን ከውኃው ፊት አቁሞ ወደ ውኃው ማንሳት ነው። የስልኩ የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ድምቀት ሊያመጣ ይሞክራል፤ ሰማዩና ውኃው ሲያበሩበት ጠቅላላውን ያጨልማል፣ በዚህም ፊቱ ጠቁሮ ይቀራል። ጀርባችሁን ለሐይቁ ስጡ፤ በዚያን ጊዜ ከውኃው ተንጸባርቆ የሚመጣው ብርሃን ፊቱን ያበራዋል። አቅጣጫ መቀየር ካልተቻለ በስክሪኑ ላይ ፊቱን በጣታችሁ ንኩ፤ ከዚያም የምትታየውን ትንሽ የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ እየገፋችሁ ፊቱ እስኪገለጥ ድረስ አብሩት። ነጭ ነጠላ የለበሰች ጠይም ሴት ስትነሳ ችግሩ ይብሳል። መለኪያው በነጩ ልብስ ስለሚታለል ነጠላውን ግራጫ፣ ፊቷን ጥቁር ያደርገዋል። በዚህ ጊዜ ነጠላው ትንሽ ቢነጣ ይሻላል፤ ፊት ይቀድማል። በፊልም ዘመን ፎቶ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉበት «ሸርሊ ካርድ» የሚባለው መለኪያ የነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ የእኛ ፊት ለረጅም ጊዜ በትክክል ሳይወጣ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ካሜራው የሰጣችሁን ጨለማ ፊት እንዳለ ላለመቀበል ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

ጓዳ ውስጥ ብርሃን የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ በር ነው፤ ይህም ከማንኛውም የስቱዲዮ መብራት ይበልጣል። አምፖሉን አጥፉ፤ ቢጫው መብራት ከቀኑ ብርሃን ጋር ሲቀላቀል የፊትን ቀለም ያበላሻል። ሰውየው ለበሩ ጎኑን ሰጥቶ ሲቀመጥ እናንተ ግድግዳውን ተጠግታችሁ አንሱ። የቡና እንፋሎትና የእጣን ጭስ የሚታዩት ብርሃኑ ከኋላቸው ወይም ከጎናቸው ሲመጣና ጀርባቸው ጨለም ሲል ነው። በደብዛዛ ብርሃን ስልኩ ፎቶውን ለማንሳት ጊዜ ስለሚወስድ እጅ ከተንቀጠቀጠ ይደበዝዛል፤ ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ አስደግፉ። ጓዳ ውስጥ የስልክ ሌንስ በቅባትና በጥላሸት ይሸፈናልና ከማንሳታችሁ በፊት በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። ይህ እጅግ ቀላል ነገር ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ወር ያነሳኋቸው ፎቶዎች ግማሽ ያህሉ ጭጋጋማ የሆኑት በዚህ ብቻ ነው።

አራተኛ፦ በቡናው ሥርዓት ተመሩ

የካሜራውን መውጫ ሰዓት ያስተማረኝ ቡናው ነው። አቦል ሲቀዳ ሰው ገና እየተሰበሰበ፣ ሰላምታ እየተለዋወጠና ስለ ጤና እየተጠያየቀ ስለሆነ ስልካችሁ በኪሳችሁ ይቆይ፤ እናንተም እንደ ማንኛውም እንግዳ ጠጡ፣ ተጫወቱ። ቶና ላይ ጨዋታው ይሞቃል፣ እጆች መንቀሳቀስ ይጀምራሉ፣ ሰው ስለ ራሱ ማሰብ ይተዋል፤ በዚህ ጊዜ አንሱ። በረካ ሲቀዳ መልሳችሁ ኪሳችሁ ክተቱት። የቤቱ ሰዎች ከሁለት ሳምንት በኋላ ይህን ሥርዓት ለምደው መቼ እንደምታነሱና መቼ እንደማታነሱ ስለሚያውቁ ይዝናናሉ። በረካ ላይ ብዙ ጊዜ ያመለጠኝ ፎቶ አለ፤ አንድ ቀን አክስቴ ስለ ሟች ባለቤቷ የነገረችኝም በረካ ላይ ነበር። ስልኩ ቢወጣ ኖሮ ታቋርጠው ነበር ብዬ አምናለሁ። ያን ዕለት ማታ የነገረችኝን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ስታነሱ ዝቅ በሉ። ሰው በዱካ ላይ ተቀምጦ እናንተ ቆማችሁ ካነሳችሁት ፎቶው ከላይ ወደ ታች ያየዋል፤ ሽማግሌ ሰው ደግሞ እንዲህ ሲታይ ያንሳል። እናንተም ዱካ ስባችሁ ተቀመጡ። የስልኩን ዙም አትጠቀሙ፤ ምስሉን ያደበዝዘዋልና በእግራችሁ ቅረቡ። ለእያንዳንዱ ሥራ ሦስት ርቀት ይበቃል፦ ሰውየውና ቤቱ አብረው የሚታዩበት፣ ከወገብ በላይ የሚታይበት፣ እጁና የያዘው ዕቃ ብቻ የሚታዩበት። ከሦስቱ አንዱን ብቻ አስበልጡ ብባል እጁን እመርጣለሁ፤ በጉርድ ፎቶ ውስጥ የማይገባው እሱ ነውና። ጀበናውን የሚያዘነብል የእጅ አንጓ፣ ሲኒውን በረከቦቱ ላይ የሚደረድሩ ጣቶች፣ መረብ ሲጠግን የአሳ አጥማጁ አውራ ጣት ክሩን የሚይዝበት መንገድ፣ እነዚህ ከሰውየው ጋር የሚሄዱ ናቸው።

የስልኩን የማንሻ ድምፅ አጥፉ፤ ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላም ስክሪኑን አታሳዩ፣ ሰውየው ወዲያው ወደ ራሱ መልክ ይመለሳልና። በመካከል ስልኩን ለእነርሱ ስጡ። የአክስቴ የ9 ዓመት የልጅ ልጅ ያነሳችው አንድ ፎቶ አለ፤ እኔና አክስቴ ስለ ድሮ ነገር ስንከራከር ሁለታችንም እጃችንን በአንድ ዓይነት አኳኋን አንስተናል። የእጄ እንቅስቃሴ የአያቴ መሆኑን ያወቅሁት ከዚያ ፎቶ ነው።

አምስተኛ፦ በየሳምንቱ አንድ ፎቶ ምረጡ፣ ጻፉበትም

እሑድ ማታ የሳምንቱን ፎቶዎች ከፍታችሁ እያንዳንዱን በዝግታ ተመልከቱ። አንዱን ምረጡ፤ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ በፎቶው ያሉትን ሰዎች ስምና የተባለውን ነገር በደብተሩ ጻፉ። «ቡና ሲጠጣ» ብሎ መጻፍ አይጠቅምም፤ ቡናው የተፈላበትን ምክንያት፣ የቀረውን ሰው፣ የተሳቀበትን ነገር ጻፉ። የተደበዘዙትን ፎቶዎች ቢያንስ ለአንድ ወር አታጥፉ።

ስትመለከቱ ከፊት ካለው ሰው ይልቅ ከጀርባው ያለውን መርምሩ። በመጋቢት አንድ እሑድ የአክስቴን ወደ 40 የሚሆኑ ፎቶዎች በአንድ ላይ ስመለከት በብዙዎቹ ውስጥ ዓይኗ ወደ እኔም ወደ ሥራዋም እንዳልነበረ አስተዋልኩ። ሁሉም በተከፈተው በር ወደ ውጭ ይመለከታል። ከጀርባዋ ሆኜ ያነሳኋቸውን ሁለት ፎቶዎች አሳድጌ ሳይ በበሩ ትይዩ የሚታየው የጎረቤቷ የቆርቆሮ በር ነበር። ጎረቤቷ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። በማግስቱ ሄጄ ፎቶዎቹን አሳየኋትና ጠየቅኋት። «እስከ 1 ሰዓት በራቸው ካልተከፈተ ልጅ እልካለሁ» አለችኝ። ስንት ዓመት እንዲህ እንዳደረገች ስጠይቃት አልቆጠረችውም። በዚያ ቤት ያደግሁ ሰው ሆኜ ይህን አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማነሳው ነገር ተለወጠ፤ በሩን፣ መንገዱንና በሁለቱ ቤቶች መካከል የሚመላለሰውን የሳህን ምግብ መከተል ጀመርኩ። የእናንተም ጥያቄ መልስ ሲያገኝ ሥራው ያለቀ እንዳይመስላችሁ፤ መልሱ የሚወስዳችሁን መንገድ ተከተሉ።

ስድስተኛ፦ አሳጥባችሁ መልሱ

በስልክ ውስጥ የቀረ ፎቶ የአንሺው ብቻ ሆኖ ይቀራል። በየወሩ 3 ወይም 4 ፎቶ መርጣችሁ በ10 በ15 ሴንቲሜትር አሳጥቡ። ለዚህ መጠን ፎቶው 1,200 በ1,800 ፒክሰል ያህል ቢኖረው ጥርት ብሎ ይወጣል፤ የዛሬ ስልኮች ከዚህ እጅግ የበለጠ ያነሳሉ። ችግር የሚፈጠረው ወደ ፎቶ ቤቱ ስትልኩት ነው። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ተራ ፎቶ ስትልኩት መጠኑን ይቀንሰዋልና «ፋይል» በሚለው በኩል ላኩ፣ ወይም በፍላሽ ዲስክ ውሰዱ። የፊትን ቀለም እንዳያነጡና ቆዳን እንዳያለሰልሱ ለባለሙያው አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ብዙ ጊዜ ደስ ሊያሰኙ ብለው የዕድሜ መስመርን ያጠፉታል። ከፎቶው ጀርባ ቀኑንና ስሙን በለስላሳ እርሳስ ጻፉ፤ እስክሪቢቶ ወረቀቱን ይጫነዋል፣ ቀለሙም ወደ ሌላው ፎቶ ይተላለፋል።

በሐይቁ ዳር «ጋሼ» እያልኩ የምጠራቸው አንድ አሳ አጥማጅ አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስጠይቃቸው ፈቀዱልኝ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። ፎቶውን አሳጥቤ በሳምንቱ ስወስድላቸው ተቀብለው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩትና «ስንቱ አንስቶኛል፤ ያመጣልኝ ግን አንተ ነህ» አሉ። ቀጥለው በፎቶው ውስጥ ያለውን መረብ በጣታቸው እያሳዩ የት እንደተቀደደ፣ ማን እንደጠገነው፣ በዚያ መረብ ቆሮሶ የሚባለውን አሳ በብዛት ያወጡበትን ዓመት ነገሩኝ። እኔ ያነሳሁት ፊታቸውን መስሎኝ ነበር፤ እርሳቸው ያዩት መረቡን ነው። ከዚያ በኋላ መረብ የሚጠገንበትን ቀን እየደወሉ ይነግሩኝ ጀመር። ፎቶ ስትመልሱ ዝም ብላችሁ ሰጥታችሁ አትሂዱ፤ ተቀምጣችሁ ስለ ፎቶው የሚሉትን ስሙ፣ ማታም ጻፉት።

አንዳንዱ ሰው ፎቶውን አይቶ ሊያዝን ወይም ሊቆጣ ይችላል። መክሳቱን፣ ማርጀቱን፣ የቤቱን ጣሪያ መጎሳቆል ያይበታል። አትከራከሩ፤ ፎቶውን መልሳችሁ ውሰዱና እንዲጠፋ ከጠየቀ ዓይኑ እያየ አጥፉት።

ሰባተኛ፦ አስቀምጡ

ስልክ ይሰረቃል፣ ውኃ ውስጥም ይወድቃል፤ ጣና ዳር ለሚውል ሰው ሁለተኛው ሩቅ አይደለም። ስለዚህ የተመረጡትን ፎቶዎች ከስልኩ ሌላ በሁለት ቦታ፣ ለምሳሌ በሃርድ ዲስክና በዘመድ ቤት ባለ ኮምፒውተር ላይ፣ በዓመትና በወር ከፋፍላችሁ አስቀምጡ። የታተሙት በክረምት እርጥበት እንዳይጣበቁ በየመካከላቸው ነጭ ወረቀት እየገባ በካርቶን ይቀመጡ። ገጹ የሚጣበቅ አልበም ከጊዜ በኋላ ፎቶውን ስለሚያበላሽ አትግዙ።

ስምንተኛ፦ በዓመቱ መጨረሻ አብራችሁ ምረጡ

ዓመቱ ሲሞላ ወደ 50 የሚሆኑ የታተሙ ፎቶዎችን ወለል ላይ ዘርግታችሁ በፎቶ የመዘገባችኋቸውን ሰው 12 እንዲመርጡ ጋብዟቸው። እናንተ አስቀድማችሁ 12 መርጣችሁ በደብተር ጻፉ፤ ግን አታሳዩ። የሁለታችሁ ምርጫ የሚለያይበትን ቦታ በጥንቃቄ መዝግቡ፤ እነርሱ ሕይወታቸውን እንዴት እንደሚያዩት የሚገልጠው እሱ ነው።

አክስቴና እኔ ይህን ያደረግነው በጳጉሜን፣ ዝናቡ ቆም ባለበት ከሰዓት በኋላ ነበር። እኔ የመረጥኳቸው የእጆቿን ፎቶዎች፣ የጓዳውን ጭስና የበሩን ብርሃን ነበር። እሷ ከመረጠቻቸው ውስጥ ከእኔ ጋር የተገናኙት 3 ብቻ ናቸው። መጀመሪያ ከወለሉ ላይ ያነሳችው ግን ልጥለው ብዬ የተውኩትን አንድ የተደበዘዘ ፎቶ ነበር። በፎቶው ውስጥ እሷ ራሷ በግማሽ ተቆርጣለች፤ በመካከሉ፣ በበሩ ማዶ፣ ጎረቤቷ የቆርቆሮ በራቸውን ከፍተው በአንድ እጃቸው ተደግፈው ቆመው ወደ እኛ እያዩ ነው። አክስቴ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አስጠግታ ከቆየች በኋላ «ይህንን ለእርሳቸውም አሳጥብላቸው» አለችኝ። ሁለት አሳጠብኩ። በአንደኛው ጀርባ የአክስቴን ስም፣ በሌላው ጀርባ የጎረቤቷን ስም በእርሳስ ጽፌ፣ እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ራሷ ይዛላቸው ተሻገረች።